«ዝም አይነቅዝም» ለዳታቤዝ አይሠራም

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረቱ። ለሰው ምላስ ይሠራ ይሆናል። የሚሊዮኖችን መረጃ ለሚይዝ ዳታቤዝ ግን አይሠራም። እዚያ ዝምታ ይነቅዛል፤ የሚታወቀውም ጎተራው ሲከፈት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቅ ተቋማት ሌሊት ሌሊት እጅግ ብዙ መዝገብ በአንድ ጊዜ ወደ ዳታቤዝ ይጭናሉ። ሰዓቱ ስለሚያጥር ባለሙያው አቋራጭ ይጠይቃል። አቋራጩ ካልተቻለስ? አንዳንዱ ሥርዓት በረጅሙ መንገድ ይሄዳል፤ ትንፍሽ ግን አይልም።

ኦራክልን እንውሰድ። «አፔንድ» የሚባለው ጥቆማ መረጃው የማህደረ ትውስታውን መሸጋገሪያ ዘሎ በቀጥታ ወደ ፋይሉ እንዲጻፍ ይጠይቃል። በሠንጠረዡ ላይ ትሪገር ወይም ከሌላ ሠንጠረዥ ጋር የሚያስተሳስር ገደብ ካለ ግን ኦራክል ጥያቄውን ጥሎ እንደ ወትሮው ይጭናል። መልእክት እንደማይሰጥም የራሱ መመሪያ ይናገራል። ትናንት በጊዜ ያለቀ ሥራ፣ አንድ ባልደረባ ትሪገር ስለጨመረ ብቻ ዛሬ እስከ ረፋድ ይጎተታል። ቡድኑ ዲስኩን ይወቅሳል፣ ኔትወርኩን ይወቅሳል።

ይባስ ብሎ፣ በቆዩት የኦራክል ቨርዥኖች አቋራጩ መሥራቱን ማረጋገጫ አንዱ ዘዴ ስህተት መጠበቅ ነው! ትራንዛክሽኑ ሳይዘጋ ሠንጠረዡን ለማንበብ ይሞከራል። ስህተት ቁጥር 12838 ከመጣ ሠርቷል፤ ንባቡ ከተሳካ አልሠራም።

ፖስትግሬስ ከዚህ መንገድ ተመልሷል። «ኮፒ ፍሪዝ» የተባለው አማራጭ መዝገቦች ሲገቡ ወዲያው «የረጉ» ተብለው እንዲጻፉ ያደርጋል፤ በኋላ የሚመጣውን ሥራ ያስቀራል። ሠንጠረዡ ግን በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ የተፈጠረ ወይም ባዶ የተደረገ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ወደ ኮዱ ሲገባ፣ ይህ ካልተሟላ ጥያቄውን በዝምታ ያልፈው ነበር። በ2013 ቨርዥን 9.3 ሲወጣ ግን ዝምታው ቀርቷል፦ ካልቻለ ምክንያቱን ተናግሮ ይቆማል።

«መረጃው በትክክል ገብቷል፤ የቀረው ፍጥነት ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። ፍጥነት የጠየቀ ሰው ግን ሌሊቱን የከፋፈለው በዚያ ፍጥነት ነው። ዕዳውም በዚያው ሌሊት አያልቅም። በፖስትግሬስ ያልረጋ ሠንጠረዥ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ 200 ሚሊዮን ትራንዛክሽን ሲያልፍ ሥርዓቱ ራሱ ተነሥቶ ያነበዋል፣ ገጾቹንም እንደገና ይጽፋል። ቀኑን የሚመርጠው ባለሙያው አይደለም።

ሥራን ማቆም ከባድ ከሆነ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ይጻፍ፦ ይህ ተጠይቋል፣ አልተፈጸመም፣ ምክንያቱ ይህ ነው። ዳታቤዝ የሚገዙ ተቋማትም ይህችን መስመር ውሉ ውስጥ ያስገቧት። እምቢ ማለት ያባት ነው፤ እሺ መስሎ መተው ግን ማታለል ነው።