ኮምፒዩተሩን ማን ሸመነው?

የኮምፒዩተርን ታሪክ የሚጽፉልን ሰዎች አንድ ክፉ ልማድ አላቸው፤ ፈልሳፊውን ያነግሡና ሠሪዋን ይዘነጋሉ። ስለ ማግኔት ቀለበት ሜሞሪ ያነበበ ሰው የጄይ ፎሬስተርንና የአን ዋንግን ስም ይዞ ይነሣል። ቀለበቶቹን በሽቦ የሰካችው ሴትስ? ስሟን የሚነግረው የለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች ነገር የሚይዙት ከጨሌ ፍሬ ባነሱ የፌራይት ቀለበቶች ነበር። የቀለበቷ መግነጢስ ወደ ቀኝ ሲዞር አንድ፣ ወደ ግራ ሲዞር ዜሮ ነው። በቀዳዳዋ አንዱ ሽቦ እንደ ድር፣ ሌላው እንደ ማግ ተሻግሮ ያልፋል፤ በሁለቱም ኮረንቲ ሲላክ መገናኛቸው ላይ ያለችው ቀለበት ብቻ ትገለበጣለች። በሌላ ሽቦ ደግሞ የያዘችውን ያዳምጧታል። የሚገርመው፣ ሲያነቧት የያዘችውን ትረሳለች፤ ወዲያው መልሶ መጻፍ ግድ ነው። መብራት ቢጠፋ ግን አትረሳም!

ብልሃቱ የሊቃውንቱ ነው፤ አልክድም። ፎሬስተር በ1953 ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ ዊርልዊንድ በተባለው ማሽን ላይ ገጥሞ አሳይቷል። ዋንግ የፈጠራ መብቱን በ1956 ለአይ.ቢ.ኤም. ሸጧል፤ ኤም.አይ.ቲ.ም በ1964 ከዚያው ኩባንያ 13 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል። ሐሳቡ ዋጋውን አገኘ ማለት ነው። ሽቦውን በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ ቀለበት በቀለበት ያሳለፉት ግን በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። በኋላም ሥራው የእጅ ዋጋ ወደረከሰበት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተሻገረ።

«እነሱማ የታዘዙትን ነው የሠሩት» የሚል አይጠፋም። እስቲ አፖሎን ጨረቃ ያደረሰውን ኮምፒዩተር እንይ። የዚህ ቋሚ ሜሞሪ የቀለበቱ ዘመድ ነው፤ ሽቦው በቀለበቷ ውስጥ ካለፈ አንድ፣ በውጭ ካለፈ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ ሽመናው ነበር። ዋልታም ከተማ በሚገኘው የሬይቲየን ፋብሪካ ቀዳዳውን ማሽን ያሳያል፤ መርፌውን የምታሳልፈው ግን ሴቲቱ ናት። ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ስሕተት ቢገኝ እንደ ወረቀት በላጲስ አይጠፋም። እጇን የሰው ሕይወት ተማምኖበታል፤ ይህ ሥራ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

መሐንዲሶቹ ግን «የአሮጊቶች ሜሞሪ» እያሉ ቀልደውበታል። ቀልዱ በመጽሐፍ ሰፍሮ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ የሴቶቹ ስም አልደረሰም። ደመወዝ ይከፈላቸው ነበርና በደመወዝ መዝገብ ላይ መኖሩ አይቀርም። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ከዚያ ይጀምሩ።