ውሃ እንጅባራ ላይ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

አንባቢ ሆይ፣ ርዕሱን አይተው «አገር እየነደደ ይሄ ሰውዬ ስለ ሻይ ውሃ ያወራል እንዴ?» ብለው ገጹን ሊገልጡት ይሆናል። አይቸኩሉ። ከሻይ ውሃው ወደ አገሩ ጉዳይ የሚያደርስ መንገድ አለ።

ነገሩ የተጀመረው እንጅባራ (አሮጌዎቹ አሁንም ኮሶበር ይሏታል) አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያው የፋግታ ደከረንስ ከሰል ላይ ተጥዷል፤ እኛም ጋቢያችንን ተከናንበን ዙሪያውን ተኮልኩለናል። ከአጠገቤ ለእረፍት ዳንግላ ወላጆቹ ዘንድ የሚሄድ ወጣት ተቀምጧል። የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ልጁንም አላጋልጥም። ማንቆርቆሪያው መንተክተክ ሲጀምር «እስቲ አንተ የፊዚክስ ሰው፣ ይሄ ውሃ አሁን ስንት ዲግሪ ደርሷል?» አልኩት። ፈገግ አለና «ጋሼ፣ ይሄማ የልጆች ጥያቄ ነው። መቶ ነዋ!» አለኝ።

መቶ አይደለም። እንጅባራ ከባህር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ውሃው መቶ ሳይደርስ፣ 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ዳንግላ ትንሽ ዝቅ ስለምትል 93 ገደማ ይሆናል። ደጋ ላይ ንፍሮ የሚዘገየውም ለዚሁ ነው፤ እናቶቻችን ምክንያቱን ባይማሩትም ነገሩን ያውቁታል።

ልጁ ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። ግፊትና መፍላት ምን እንደሚያገናኛቸው ስጠይቀው ትርጓሜውን በእንግሊዝኛ ነጥብ ሳያጎድል ዘረገፈልኝ። ችግሩ የደብተሩ ፊዚክስና የማንቆርቆሪያው ፊዚክስ ተገናኝተው አለማወቃቸው ነው። «ቴርሞሜትር ከትተህ ለክተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «ላብ ስላልነበረ በቲዎሪ ነው የወሰድነው» አለኝ። ወይ ጉድ! ለቴርሞሜትርና ለአንድ ጣሳ ውሃም ላብራቶሪ ይጠበቃል?

እኔም ብሆን ልጁ ላይ የምስቅበት አፍ የለኝም። የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ግድም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርት በሳተላይት ሲለቀቅብን፣ የክፍሉ አስተማሪ እንደ ዘበኛ ጥግ ይዞ ይቆም ነበር። ከመስኮቱ ውስጥ ያለችው መምህርት በእንግሊዝኛ ትጠይቅና ጥቂት ሴኮንድ ትጠብቃለች። ከክፍሉ ማንም ትንፍሽ አይልም። እሷ ግን «ቬሪ ጉድ!» ብላ ትቀጥላለች። በመሀል መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ኒውተን ሁለተኛውን ሕግ ጨርሶ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። እኛ የዚያን ጊዜዎቹ ዛሬ ሠላሳዎቹን ይዘናል። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩም አሉ። ራሱ ለክቶ የማያውቅ እንዴት ያስለካ?

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ፋይንማን የሚባለው የናዝሬት ሳይሆን የኒውዮርክ ልጅ፣ ኋላ ኖቤል የተሸለመው የፊዚክስ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ብራዚል ሄዶ ሲያስተምር ያገኘው ይህንኑ ነው። ተማሪዎቹ ብርሃን ከውሃ ላይ ሲነጥር ምን እንደሚሆን በቃላቸው ይወጡታል፤ በመስኮት ባሕሩን እያዩት ግን ያ ትምህርት ስለዚያ ባሕር መሆኑን አላወቁም።

ሃርቫርድም አልዳነም። ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር ለዓመታት ጥሩ አስተማሪ ነኝ ብለው ኖረዋል፤ ተማሪዎቻቸውም ያሞግሷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ግድም ስሌት የሌለበት፣ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ተራ ጥያቄዎችን የያዘ ፈተና ሰጧቸው። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ የምመልሰው እርስዎ ባስተማሩን መንገድ ነው ወይስ እኔ እንደማስበው ብላ ጠየቀች። ፕሮፌሰሩ ደነገጡ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ከባዱን ስሌት የሚሠሩት ልጆች ተራውን ጥያቄ ሳቱት።

ከዚያ ወዲህ አስተማሪነታቸውን ቀየሩት። ጥቂት ያብራሩና ጥያቄ ይጥላሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው አስቦ መልሱን ይመርጣል። ቀጥሎ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ይከራከራል፣ አዳራሹ ገበያ ይሆናል። ከክርክሩ በኋላ እንደገና ይመርጣሉ፤ ማብራሪያው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው እጅ ማውጣት ብቻ ነው። እንዲህ ተማሪውን የሚያሳትፉ ዘዴዎችን ከተለመደው ገለጻ ጋር ያነጻጸሩ 225 ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ተሰብስበው ሲታዩ፣ በገለጻ ብቻ የሚማሩት ከመቶ 34 ገደማ ሲወድቁ በሌላው ግን 22 ገደማ ሆነው ተገኝተዋል።

እስቲ ይህንን ወደ አዊ እናምጣው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያላየ የአዊ ልጅ የለም። ፈረሱ እየጋለበ ድንገት ሲቆም ጋላቢው ወደፊት ይወረወራል። ወደፊት የገፋው ኃይል ምንድን ነው? ክፍል ውስጥ ይጠየቅ! ግማሹ የፈረሱ ኃይል ይላል፤ ግማሹ የማያውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ይጠራል። መልሱ ምንም ነው። የገፋው የለም። ሰውዬው የነበረውን ፍጥነት ይዞ ቀጠለ፤ የቆመው ፈረሱ ነው። ይህን ተከራክሮ የደረሰበት ልጅ የኒውተንን አንደኛ ሕግ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። የአዊ ገጠር ልጅ በአውንጊኛ ፊደል ቆጥሮ፣ በአማርኛ አልፎ፣ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። በሦስተኛ ቋንቋ መሸምደድ ይቻላል፤ መከራከር ግን ጭንቅ ነው። ወደ ጎረቤትህ ዞረህ ተከራከር ሲባል በአውንጊኛም ይሁን በአማርኛ ማን ይከለክለዋል? መልሱን በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ማሰቡን ግን በሚያስብበት ቋንቋ ያስብ።

«ላብራቶሪ ሳይኖር፣ ደመወዝ ሳይበቃ ምን ቅንጦት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ስለ ደመወዙ እውነት አለው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ2015 ዓ.ም. ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ጠግበው አልነበረም። በዚያው ዓመት ክረምት ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ ብዙ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። ላብራቶሪ ስለማጣት ግን አንድ ሰው ላንሳ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ከሰባት ዓመት በላይ ታስረዋል። እስር ቤት ውስጥ እስረኞችን ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት የሚሰጠውን የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት አግኝተዋል። እስር ቤት ማን ላብራቶሪ ሰጣቸው?

መንግሥታችን ደግሞ ቁጥር ይወዳል። በ2001 ዓ.ም. ግድም ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ፤ ገባ። ዩኒቨርሲቲ በየዞኑ ተከፈተ፤ እንጅባራም በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ ይሁን፣ ደስ ብሎናል። በ2014 ዓ.ም. ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በዓመቱ 3.2 ሆነው አረፉት። ባለሥልጣኖቹ ስለ ኩረጃ ብዙ ነገሩን። ኩረጃው ሲቆም ባዶው የታየው ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩንም። ልጁ «መቶ» በል ተባለ፤ አለ። «ለምን?» ብሎ እንዲጠይቅ ማን አስተማረው? እውነቱን ለመናገር፣ ለምን የሚል ዜጋ የሚያስፈልገው ማነው? ዛሬ ማንቆርቆሪያውን ልለካ ያለ ልጅ ነገ የቀበሌውን ሪፖርት ልለካ ማለቱ አይቀርም።

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። ነገሩን በግፊቱ በኩል ሳስረዳው ልጁ ገብቶት ዓይኑ በራ፤ ዳንግላን ራሱ አሰላት። ከዚያ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«እሺ ጋሼ፣ ፈተና ላይ ቢመጣ ግን የቱን ልሙላ?»