ሶላር ስትለግሱ ፊውዙንም አስቡ

በጋይንት ገጠር ሶላር እገጥማለሁ። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተ ልሔም ዙሪያ ላሉ አጥቢያዎች ምእመናን ፓኔል፣ ድምፅ ማጉያና ሁለት ባትሪ ይለግሳሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ፊውዝና የመሬት ሽቦ ግን ይረሳል። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ሲገናኙ ቮልቱ ያው 12 ነው፤ የሚይዙት ኃይል ግን እጥፍ ይሆናል። ሽቦው ተልጦ ከተነካካ እሳት ያስነሳል። ስለዚህ በየባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ይግባ። አሮጌ ባትሪ ከአዲስ ጋር አይጣመር፤ ደካማው ብርቱውን ያደክመዋል። የፓኔሉ ብረት ደግሞ እርጥብ አፈር ውስጥ ጠልቆ ከተተከለ የብረት ዘንግ ጋር በወፍራም ሽቦ ይታሰር። በቀጥታ የመታን መብረቅ ይመልሳል አልልም፤ ሰው ብረቱን ሲነካ እንዳይነዝረው ግን ይጠብቃል። እባካችሁ ለጋሾች፣ ተጨማሪ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ግዙ።