ባለቤት የሌለው ግሥ

«ዴቨሎፕ የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ አማርኛ ሊሸከመው አይችልም» የሚል አባባል በክፍልም በሻይ ቤትም ደጋግመን ሰምተናል። ባዮቹ በማስረጃነት የሚያቀርቡት አንዱ ቃል እኛ ዘንድ ሲደርስ ብዙ መሆኑን ነው፤ አደገ፣ ለማ፣ ዳበረ፣ በለጸገ፤ የፎቶ ፊልም ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ታጠበ። እንግሊዙ ባንድ ቃል ይጨርሳል፣ እኛ እንንተባተባለን ነው ነገሩ። ይህ አባባል ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ቃል አላነሰውም። የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ተርጓሚዎቻችን የሚሸሹት እሱን ነው።

እስቲ ከሥሩ እንነሣ። ግሡ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው ምዕተ ዓመት ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ትርጉሙ የተጠቀለለን መፍታት፣ የታጠፈን መዘርጋት ነበር። ተቃራኒው፣ መጠቅለል የሚለው ግሥ ዛሬም በቋንቋቸው አለ፤ እኛ ፖስታ የምንለውን የደብዳቤ ማሸጊያ የሚጠሩበት ስም ከእሱ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ በጥንቱ ትርጉም የሚፈታው ነገር ቀድሞውኑ ውስጥ ያለ ነው። እንቡጥ አበባውን ከገበያ አይሸምትም። ፎቶ አንሺውም ፊልሙን በመድኃኒት ሲያጥብ ብርሃን ያስቀመጠውን ምስል ያወጣል እንጂ አዲስ ፊት አይሥልበትም።

ነገሩ የተበላሸው ግሡ ርስት ፍለጋ ሲወጣ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበረው ጆሴፍ ቻምበርሌን ብዙዎቹን ቅኝ ግዛቶች ባለቤቱ ካላለማው ርስት ጋር አመሳስሎ በፓርላማ ተናገረ። ባለ ርስቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። በ1929 በዚሁ ቃል የተሰየመ የቅኝ ግዛት ልማት ሕግ ወጣ። በጥር 1949 ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በበዓለ ሢመቱ ንግግር አራተኛ ነጥብ ላይ ላላደጉ አካባቢዎች የቴክኒክ ዕውቀት እንደሚያካፍል ቃል ገባ። ይህ አራተኛ ነጥብ እኛም አገር ደርሷል፤ የዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የያኔው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የተመሠረተው በእሱ ዕርዳታ ነው። ስለዚህ ሁሉም ከንቱ ነበር አልልም። የምለው ስለ ግሡ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተጠቅላዩ ሌላ፣ ፈቺው ሌላ ሆነ።

የእንግሊዝኛው ቅርፅ ደግሞ ለዚህ ሥራ ይመቻል። «መንደሩ አደገ» ለማለትም፣ «መንደሩን አሳደጉት» ለማለትም ግሡ ያው ነው፤ አይለወጥም። አማርኛ ይህን አይፈቅድም። አደገ ሌላ፣ አሳደገ ሌላ፤ ለማ ሌላ፣ አለማ ሌላ። አለማ ካልክ ባለቤቱን አምጣ፣ ተሳቢውን አምጣ ይልሃል። «አፍሪቃን ማሳደግ» የሚለውን ረጋ ብሎ ላነበበው አህጉሪቱ ልጅ ናት፣ ለጋሹ አሳዳጊ ነው፤ ማደጎ የሚለው ቃልም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። ይህ በግልጽ ሲነገር ያሳፍራል። ታዲያ ምን ተደረገ? «በማደግ ላይ ያሉ አገሮች» ተባለና ነገሩ ተሸፈነ። የተባበሩት መንግሥታት በ1971 እጅግ ያላደጉ የሚባሉትን አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበረች፤ ዛሬም ከዝርዝሩ አልወጣችም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በማደግ ላይ! እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ወላጅ ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል እንጂ ስም አያሳምርለትም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን «ኋላ ቀር» ነው። የቀረው ራሱ ነው፤ የያዘው የለም፣ የጎተተው የለም። ጉያናዊው የታሪክ ምሁር ዋልተር ሮድኒ በዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በ1972 ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ገለበጠው። በርእሱ ላይ አውሮፓን ባለቤት፣ አፍሪቃን ተሳቢ አድርጎ፣ አለማደግን አድራጊ ያለው ግሥ አደረገው። ርእሱ ለእንግሊዝኛ ጆሮ ይጎረብጣል። በአማርኛ ግን «አስ» ብቻ መጨመር ነው፤ ቀረ፣ አስቀረ። ይህን የሚያህል መሣሪያ በእጃችን እያለ ነው ቋንቋችን ደኸየ የምንባለው!

ጥፋቱን ሁሉ በፈረንጅ ላይ ጭኖ መሄድም ደግ አይደለም። እኛም ግሡን ጥለን ስሙን አንሥተናል፤ ልማት። ስም ባለቤት አይጠይቅም። «ቦታው ለልማት ይፈለጋል» ይባላል፤ ማን ፈለገው? ቤቱ የፈረሰበትም ሰው «የልማት ተነሺ» ይባላል። ከእንቅልፉ የነቃም ተነሣ፣ ከቀዬው እንዲወጣ የተደረገም ተነሣ፤ አንሺው የት ሄደ? «ቃል ዳቦ አይሆንም፣ ተወን» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ይሁን፤ ሰውየው ግን ካሳውን ይዞ የሚሟገተው ከወረቀት ጋር ነው፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ያለው ቃል ነው። አነሣሁት የሚል ባለቤት ከሌለበት ማንን ይከስሳል?

አያቶቻችን «አገሩ ለማ» ሲሉ ሰው በዛበት፣ ከብት ረባበት ማለታቸው ነበር። ሰው የለቀቀውን መሬት ጠፍ ይሉት ነበር። ታዲያ እኛ ሰው የተነሣበትን ሜዳ በቆርቆሮ አጥረን «የለማ» ስንለው በየትኛው አማርኛ ነው?