ግራሙ ተመዘነ፣ እጁስ?

ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ ነገር የሚጀመረው ከሚዛን ነው። ገዢዋ የወደደችውን ሀብል በጣቷ ታሳያለች፤ ሻጩ ከመስታወቱ ሥር ያወጣና ትንሿ ሚዛን ላይ ያኖረዋል። ቁጥሩ ሲረጋ የዕለቱ የግራም ዋጋ ይባዛበታል። ከዚያ በኋላ ነው ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእጁ ደግሞ ይህን ያህል» የሚለው። በወርቁ ዋጋ ትንፍሽ ያላለችው ገዢ አሁን ትነቃለች። «ውይ! እጁን ቀንስልኛ!» ያው ሀብል ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ለሽያጭ ሲቀርብ ግራሙ እንደገና ይመዘናል። የእጁን የሚጠይቅም የሚመልስም አይኖርም።

ለወርቅ ቤት የእጅ ዋጋ የሒሳቡ ጅራት ነው። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ የራት ጠረጴዛዋን ጠርጋ ዶቃ ለምትሰካ፣ የነሐስ ሽቦ ለምትጠመዝዝ፣ ከቁራጭ ቆዳ ጉትቻ ለምትቆርጥ ባለሙያ ግን ሒሳቡ ከራሱ እስከ ጅራቱ የእጅ ዋጋ ነው። ዶቃውን ማንም መርካቶ ወርዶ ይገዛዋል። ሰው የሚከፍላት ለዓይኗ፣ ለጣቷና ለሰዓቷ ነው። ከተማው መክፈል የማይወደውም ይህንኑ ነው። በአዲስ አበባ ትንሽ የጌጣጌጥ ሥራ ጀምረው ሁለተኛውን ዓመት ሳይሻገሩ የሚያቆሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወቅሱት ገበያውን ወይም ዕድላቸውን ነው። ሰዓታቸውን አንድም ቀን ዋጋ ውስጥ አስገብተውት እንደማያውቁ የሚያስተውሉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ጌጥን በሚዛን የማየት ልማድ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አማርኛ ለማዕድኑም ለገንዘቡም አንድ ቃል ነው ያለው፦ ብር። ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚባለው የኦስትሪያ ሳንቲም 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር የሆነ ገንዘብ ነበር። ሳንቲሙ በስማቸው የሚጠራው ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፉ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ይዞ ወጣ፤ ኢትዮጵያ ውስጥም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ዋና መገበያያ ሆኖ ቆየ። አንጥረኛው የአንገት መስቀሉን፣ ድሪውን፣ አልቦውንና አምባሩን የሚሠራው ይህንኑ ሳንቲም አቅልጦ ነበር። ባንክ በሌለበት አገር የሴት አንገት ባንክ ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ ድሪው ይፈታል፣ ይመዘናል፣ ወደ እህል ይለወጣል። በእንዲህ ያለ ዘመን ግራሙን ማስላት ብልህነት እንጂ ንፍገት አልነበረም።

ንፍገቱ ለሠሪው በተሰጠው ስም ላይ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ» እየተባለ ይሰደባል፤ ሲመሽ ደግሞ «ቡዳ» ነው ተብሎ ይፈራል። ስድቡ ሥር ከመስደዱ የተነሣ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን እስከ መከልከል ደርሰዋል። የሚገርመው፣ ይኸው ኅብረተሰብ የሚኮራበትን የቅኔ ጥበብ ስም የተዋሰው ከዚያው ከተሰደበው ሰው ቤት መሆኑ ነው። አንጥረኛ ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሰሙን በጭቃ ለብጦ እሳት ሲያሳየው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ሊቃውንቱ ይህን አይተው «ሰምና ወርቅ» አሉ። ሠሪውን በጓሮ በር አስቀርተው አሠራሩን ቅኔ ማሕሌት አስገቡት።

ዛሬ ጌጥ የምትሠራን ወጣት ቡዳ የሚላት የለም። «ሥራ እስክታገኚ ነው አይደል?» የሚላት ግን አይጠፋም። ዘመድ ሲጠየቅ «ቤት ነው ያለችው፣ ዶቃ ነገር ትሠራለች» ይላል። ስድቡ ለዘብ ብሏል እንጂ ከሠፈር አልወጣም።

የዚህች ባለሙያ ውሎ ምን እንደሚመስል ውጭ ላለ ሰው አይታይም። ጠዋት በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሳያልፍ ትናንት ያለቀውን ጉትቻ በነጭ ጨርቅ ላይ አኑራ በስልክ ታነሣለች፤ ቀን ሲገፋ ጥላው ያበላሸዋል። ከዚያ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች፣ ለጠያቂ ትመልሳለች፣ ለሞተረኛ አድራሻ ታስረዳለች፣ የቴሌብር መልእክት ትጠብቃለች። ፒንሳና ሽቦ የምትይዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አዲስ ሐሳብ ደግሞ ቀጠሮ አይዝም። የብራና መጽሐፍ ላይ ያየችው ሐረግ፣ የእናቷ መሶብ ላይ የሚዞረው ስፌት፣ ታክሲ ውስጥ ከፊቷ የተቀመጠችው ሴት የሹሩባ አካሄድ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ይነደፋል። ከአምስት ንድፍ አንዱ ጌጥ ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።

ገበያውም የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። በጥር ሠርግ ይበዛል፤ ትእዛዝ ይደራረባል፤ እንቅልፍ ይቀራል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባና የኦርቶዶክስ ሠርግ ለ55 ቀናት ይቆማል። ፋሲካ አልፎ ዳግም ትንሣኤ ሲመጣ ስልኩ እንደገና ይጮኻል። በጥር ያገኘችውን በጥር የጨረሰች ባለሙያ በጾሙ ወራት ከደንበኛ ለመጣ የትኛውም ዋጋ እጇን ትሰጣለች፤ ያ የወደቀ ዋጋ ደግሞ ከፋሲካ በኋላም ስሟን ተከትሎ ይኖራል።

እስቲ አንድ ሐብል እናስላ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ዶቃው፣ ሽቦው፣ መቆለፊያውና ማሸጊያው 350 ብር ፈጁ። ተበላሽቶ ለተጣለው ዶቃና ለፒንሳው እርጅና 50 ብር ይያዝ። መሰካቱ 2 ሰዓት፣ ማያያዙና ማጥራቱ 1 ሰዓት፣ ፎቶና መልእክት 1 ሰዓት፣ ከመርካቶው ጉዞ የሚደርስበት ድርሻ ግማሽ ሰዓት፤ በድምሩ 4 ሰዓት ተኩል። ዋጋው 650 ተባለ። ደንበኛዋ «የመጨረሻው ስንት ነው?» አለች፤ 580 ላይ ተስማሙ። ከ580 ላይ 400 ሲነሣ 180 ይቀራል። ለሰዓት 40 ብር መሆኑ ነው። ሠሪዋ 180 ብር አተረፍሁ ብላ ታስባለች፤ ደንበኛዋም በ580 ብር ተበዘበዝሁ ትላለች። ሁለቱም ያልቆጠሩት 4 ሰዓት ተኩል ጠረጴዛው ላይ ተረስቶ ቀርቷል።

ጥፋቱ የገዢ ብቻ አይደለም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ልማድ ያመጡት ሻጮቹ ናቸው። ዋጋ ሲደበቅ ገዢ ፊቷ ታይቶ እንደሚተመንላት ትጠረጥራለች፤ የጠረጠረ ሰው ደግሞ ይከራከራል። ሰዓቷን በደብተር የማትመዘግብ ሠሪ የጎረቤቷን ዋጋ አይታ 50 ብር ቀንሳ ትለጥፋለች፤ ጎረቤቷም በማግስቱ እንዲሁ ታደርጋለች። አንዷ አዲስ ሞዴል ስታወጣ ሳምንት ሳይሞላ በሌላ ገጽ ላይ በርካሽ ይታያል። ከውጭ በጅምላ የሚገባው ቅብ «የሐበሻ ጌጥ» እዚህ ላይ ሲጨመር፣ በእጅ የተሠራው ነገር ከማሽን ጋር በዋጋ እንዲወዳደር ይገደዳል። በዚያ ውድድር እጅ አሸንፎ አያውቅም።

እጅ የሚያሸንፈው ሌላ ቦታ ነው። በ2000 ዓ.ም. በወሎ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ይህ ድንጋይ ውስጡ እሳት፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያላውስ ድንቅ ማዕድን ነው፤ ግን ውኃ ይጠጣል። እርጥበት ሲገባው ቀለሙ ሊደበዝዝና እንደ ብርጭቆ ብርሃን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። ቅባት ከጠጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ የኦፓል ቀለበት የምትሸጥ አዋቂ ሠሪ «ዕቃ ስታጥቢ አውልቂው፣ ቅባት አታስነኪው» ብላ ነው የምትሰጠው። ያልተነገራት ገዢ በሳምንቱ «የሸጥሽልኝ ሐሰተኛ ነው» ብላ ትመጣለች። ይህ ዕውቀት ግራም የለውም፤ ቀለበቱን ግን ከእንባ ያድነዋል። ብዙው የወሎ ኦፓል ጥሬውን ወጥቶ ሕንድ ውስጥ ጃይፑርን በመሰሉ ከተሞች ሲቆረጥና ሲወለወል ኖሯል። ድንጋዩ እዚህ ተቆርጦ፣ እዚህ ብር ውስጥ ተቀምጦ ቢሸጥ የእጁ ዋጋ እዚሁ ይቀር ነበር።

እንጦጦ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ታይቷል። ለጠበል ወደ ተራራው የወጡ፣ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ሴቶች ከቀለጠ የጥይት ቀለህ ዶቃ እየሠሩ ሐብልና የእጅ አምባር ያዘጋጁ ነበር፤ ሥራቸውም አሜሪካ ገበያ ደርሷል። ቀለህ በኪሎ ቢመዘን የቁራሌ ዋጋ ነው የሚያወጣው። ገዢዎቹ የከፈሉት ቀለሁን ወደ ዶቃ ለለወጠው እጅና ለታሪኩ ነው። አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፦ ጌጡ የሚሸጠው በሠሪዋ ሐዘን ብቻ ከሆነ፣ ሐዘኑ ሲለመድ ገበያውም ይቀዘቅዛል። ዶቃው ራሱ ማማር አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይ የገዢዋ መልስ ሊናቅ አይገባም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዶቃም፣ ሽቦም፣ የጆሮ መንጠቆም ዋጋው አሻቅቧል፤ የደመወዝተኛዋ ኪስ ግን በዚያው ልክ አልሰፋም። የገንዘብ የመግዛት አቅም ሲወርድ ሰው ወደ ወርቅ መሸሹ፣ ግራም መቁጠሩ የአያቶቹን ብልሃት መድገሙ ነው። ስለ እጅ ዋጋ ለመሟገት ገዢን ስግብግብ ማለት አያስፈልግም። ማስቀመጫና ጌጥ ሁለት የተለያዩ ግዢዎች መሆናቸውን መለየት ይበቃል። ሐበሻ ይህንን ልዩነት ከክርስትናው ቀን ጀምሮ ያውቀዋል፤ በሕፃን አንገት ላይ የሚታሰረውን ማተብ ሚዛን ላይ አውጥቶ ስንት ግራም ነው ያለ የለም።

መንግሥትም ድርሻ አለው፤ ብዙውም አዲስ ሕግ አይጠይቅም። የኢንዱስትሪ ንድፍን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 123 ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጎደለው ለአንድ ጉትቻ ንድፍ የምትሮጥ ሴት ጉዳይዋን በአንድ ቀንና በአነስተኛ ክፍያ የምትጨርስበት መስኮት ነው። ለጥቃቅንና አነስተኛ የሚሰጥ ሼድ ሲነሣ ብረታ ብረትና እንጨት ሥራ ቀድመው ይታሰባሉ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥሩ መብራትና የጋራ ማቅለጫ ብቻ የሚበቃቸው ጌጥ ሠሪዎች ግን በአንድ ሼድ ውስጥ ብዙ ሆነው ሊሠሩ ይችላሉ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለች ደንበኛ ወደ አዲስ አበባ ለአንድ ሐብል በቀላሉ የምትከፍልበት መንገድም ያስፈልጋል። ዛሬ ብዙው ትእዛዝ የሚሻገረው በዘመድ ሻንጣ፣ ሒሳቡ የሚመጣውም በዘመድ እጅ ነው፤ ሻንጣው ካልተነሣ ሽያጩም አይነሣም።

ሠሪዎቹ ግን መስኮቱም ሼዱም እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ዋጋውን በግልጽ መለጠፍ ከነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል። ከሐብሉ ጋር በሚታሰረው ትንሽ ካርድ ላይ ሁለት መስመር ይጻፍ፦ «ዕቃ 350 ብር»፣ «እጅ 4 ሰዓት ተኩል»። የሰዓቷን ዋጋ ሠሪዋ ራሷ ትወስን፤ ከወሰነች በኋላ ግን በጾሙም በፋሲካውም ያው ይሁን። ቅናሽ ማድረግ ካለባትም ዶቃውን ትቀንስ፣ መቆለፊያውን ታቅልል እንጂ ሰዓቷን አትቁረጥ።

ለእንቁጣጣሽ ባዛር ድንኳኖቹ ሲተከሉ እንዲህ ያለ ካርድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢታይ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ገልብጣ ታነበዋለች። ምናልባትም እንደ ልማዷ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ትላለች። ሻጯ በዚያች ደቂቃ ካርዱን በጣቷ አሳይታ፣ ከአራት ሰዓት ተኩሉ ውስጥ የትኛው ይቀነስልሽ ብላ ልትጠይቃት ትችላለች፤ መሰካቱ፣ ማያያዙ ወይስ ማጥራቱ?