ስሕተት የማይነገርበት ሪፖርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ መጨረሻ በብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚቀርቡት የአገልግሎት ክፍላት ሪፖርቶች እጅግ ይመሳሰላሉ። ትምህርት ክፍሉ ይህን ያህል መርሐ ግብር አካሄደ፤ መዝሙር ክፍሉ ይህን ያህል መዝሙር አስጠና፤ አባላት ጉዳይ ይህን ያህል አዲስ አባል መዘገበ ይባላል። «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ርእስ ሥር የበጀት እጥረት፣ የቦታ ጥበትና የአባላት ሰዓት አለማክበር ይጠቀሳሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ሪፖርትም እነዚያኑ ሦስቱን ይደግማቸዋል። በዓመቱ መጀመሪያ ከተመዘገቡት ሕፃናት ምን ያህሉ፣ በምን ምክንያት እንደቀሩ፣ ተከታታይ ትምህርቱን ያቋረጡት ወጣቶችም ወዴት እንደሄዱ የሚናገር ገጽ ግን አይገኝም። ጉባኤው በእልልታና በጭብጨባ ይፈጸማል።

በእኔ እይታ ይህ ልማድ ከበጀት እጥረቱ ይልቅ አገልግሎታችንን ይጎዳል። የጎደለውን በግልጽ የማይናገር ማኅበር ከጎደለው ሊማር አይችልምና። ተቋማት እንዴት እንደሚማሩና ሥራቸውን እንደሚያሻሽሉ ያጠኑ ምሁራንም በሌላ መንገድ ተጉዘው እዚሁ ደርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ይማሩ የነበሩ ሴት ተመራማሪ፣ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ለሕሙማን መድኃኒት ሲሰጥ ስለሚፈጸሙ ስሕተቶች በተደረገ ጥናት ተሳትፈው ነበር። ሊያረጋግጡት ያሰቡት ቀላል ነገር ነው፤ በጥሩ ኃላፊ የሚመሩና በመልካም ኅብረት የሚሠሩ የሕክምና ቡድኖች ስሕተታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ይሆናል የሚል። ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። በኅብረታቸው የተመሰገኑት ቡድኖች የተመዘገበባቸው ስሕተት በዝቶ ተገኘ። ነገሩ ጠለቅ ብሎ ሲመረመር ልዩነቱ ያለው በመሳሳት ሳይሆን በመናገር ላይ መሆኑ ታወቀ። በአንዳንዶቹ ክፍሎች ነርሶቹ የተሳሳቱትን ያለ ፍርሃት ይናገራሉ፤ በሌሎቹ ዘለፋውንና ውርደቱን ስለሚፈሩ ይሸሽጋሉ። በመዝገብ ላይ ንጹሕ መስሎ የታየው ክፍል ሕሙማንን ለአደጋ የሚያጋልጥ ክፍል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እኚሁ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሌላ ጥናት በአንድ አምራች ድርጅት ውስጥ የሚገኙ 51 ቡድኖችን መርምረው፣ አባላቱ ቢጠይቁ፣ ቢቃወሙ ወይም ስሕተታቸውን ቢገልጡ እንደማይዋረዱ የሚተማመኑበት ቡድን ይበልጥ እንደሚማርና ሥራውም የተሻለ እንደሚሆን አሳዩ። ይህንን መተማመን ሥነ ልቡናዊ ደኅንነት ብለው ይጠሩታል።

ወደ እኛ ቤት ስናመጣው፣ «ምንም ችግር አልገጠመንም» ብሎ ሪፖርት ያቀረበው ክፍል ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ክፍል ነው።

«ቤተ ክርስቲያን የምትመራው በመንፈስ ቅዱስ እንጂ በአስተዳደር ጥናት አይደለም» የሚል ወንድም ወይም እኅት ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ሃይማኖት በጥናት አይሻሻልም፤ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንም በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። እዚህ የምንነጋገረው ግን ስለ መምህራን ምደባ፣ ስለ መርሐ ግብር ሰዓት፣ ስለ ሕፃናት አያያዝ ነው። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ ተመልክቶ አሠራሩ እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም የነገረው አማቱ ዮቶር፣ የምድያም ካህን ነበር። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው። እግዚአብሔርን ያነጋገረው ነቢይም ምክሩ ከውጭ የመጣ ነው ብሎ አልናቀውም (ዘጸ. 18፥13-27)።

ክሪስ አርጊሪስ እና ዶናልድ ሾን የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ተቋማት የሚማሩባቸውን ሁለት መንገዶች ለይተው አስቀምጠዋል። የቤት ማሞቂያን የሚቆጣጠር መሣሪያ በምሳሌነት ይነሣል። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ማሞቂያውን ያበራል፤ ሲሞቅ ያጠፋል። የተተከለለት የሙቀት መጠን ትክክል ነውን ብሎ ግን አይጠይቅም። ብዙ ተቋማት የሚማሩት እንደዚህ መሣሪያ ነው፤ ድርጊታቸውን ያስተካክላሉ፣ ከድርጊቱ በስተጀርባ ያለውን ግምት ግን አይነኩትም። ሁለተኛውና ጥልቁ መንገድ ግምቱን ራሱን መመርመር ነው።

የሕፃናት ክፍል ቁጥር ቀነሰ እንበል። መርሐ ግብሩን ከቅዳሜ ወደ እሑድ እናዛውራለን፤ ቁጥሩ ይቀንሳል። ዳቦና ሻይ እንጨምራለን፤ ለጥቂት ሳምንታት ያንሠራራና ተመልሶ ይቀንሳል። አዲስ ድምፅ ማጉያ ይገዛል። ለሰባት ዓመት ልጅ የምናስተምረው በዐዋቂ ቋንቋ ነውን? መምህሩ የተመደበው የማስተማር ጸጋ ስላለው ነው ወይስ ሌላ ሰው ስለጠፋ? ወላጆችን ጠይቀናልን? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣው አባል «መንፈሱ ጥሩ አይደለም»፣ «አገልግሎት ያደናቅፋል» ይባልና በሚቀጥለው ምርጫ ስሙ ሳይነሣ ይቀራል። አርጊሪስ በኋላ በጻፏቸው ሥራዎች ደጋግመው ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በብዙ ተቋማት የማይነሡ ጉዳዮች አሉ፣ የማይነሡ ጉዳዮች መኖራቸውም ራሱ አይነሣም። በእኛ ዘንድ ዝምታው የትሕትና ስም ስለሚሰጠው እርሱን ማፍረስ የበለጠ ያስቸግራል።

ሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ የራሱ የሆነ ሌላ ፈተና አለበት። በቃለ ዓዋዲው መሠረት አባላቱ ከ4 እስከ 30 ዓመት ያሉ ናቸው፤ ይህ ማለት አሠራሩን ያወቀው፣ ከስሕተቱም የተማረው ትውልድ ዘወትር እየለቀቀ ይሄዳል። ሊንዳ አርጎቴ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጭነት መርከቦችን የሠሩ የአሜሪካ መርከብ መሥሪያዎችን መዛግብት መርምረው፣ በሥራ የተገኘ ዕውቀት እየተከማቸ ብቻ እንደማይሄድ፣ ይልቁንም በፍጥነት እንደሚመነምን አግኝተዋል። በብዙ ሠራተኛና በብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መርከብ መሥሪያ እንዲህ ከሆነ፣ ሰነዱ በአንድ ካርቶን ተጠቅልሎ ከዕቃ ቤት የተቀመጠ ሰንበት ትምህርት ቤትማ እንዴት ይሆን? አዲሱ ሥራ አመራር የቀደመው የወደቀበትን ጉድጓድ ባለማወቁ ራሱ እንደ አዲስ ይወድቅበታል።

የሐዋርያትን ጉባኤ እንመልከት። ደቀ መዛሙርት በበዙበት ወራት ከግሪክ የመጡት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለታዊው አገልግሎት ችላ ስለተባሉባቸው አንጎራጎሩ። ይህ ማንጎራጎር በመጽሐፍ ተጽፎልናል፤ ቅዱስ ሉቃስ ስለ መጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ፍቅርና አንድነት ሲመሰክር ቆይቶ ይህን ጉድለት አልሸሸገም። ሐዋርያት የተናገሩትን «አንድነታችንን አፈረሳችሁ» ብለው አልዘለፏቸውም። ሕዝቡን ሰበሰቡ፤ እነርሱ ራሳቸው በጸሎትና በቃሉ አገልግሎት ሊጸኑ እንደሚገባ ተናገሩ፤ ለማዕዱ አገልግሎት በመንፈስ ቅዱስ የተሞሉ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። ማዕዱ ላይ ምግብ በመጨመር አልተወሰኑም፤ አሠራሩን ለወጡት። የተመረጡትን ስም ስናነብ ደግሞ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና እና ኒቆላዎስ ናቸው፤ ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። አቤቱታው ከመጣበት ወገን ለመፍትሔው ኃላፊነት ተሰጠው ብንል ከታሪኩ አንርቅም። ፍጻሜውም የእግዚአብሔር ቃል መስፋት፣ የደቀ መዛሙርትም ቍጥር መብዛት ሆነ (ሐዋ. 6፥1-7)።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የአገልግሎት ግምገማ ምሥጢረ ንስሐ አይደለም። የአንድ አባል የግል ኃጢአት የሚነገረው ለንስሐ አባቱ እንጂ ለጉባኤ አይደለም፤ ግምገማን ሽፋን አድርጎ የወንድምን ገመና መግለጥ ሐሜት ነው። በጉባኤ ሊነሣ የሚገባው ሥራው ነው፤ ምን ታቀደ፣ ምን ሆነ፣ ለምን ተለያየ፣ ቀጥሎ ምን ይደረግ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የአሜሪካ ጦር ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ አዛዡም ተራው ወታደርም በአንድነት ተቀምጠው እንዲመልሷቸው ያደርጋል። ማዕርግ በሚከበርበት በጦር ሰፈር ታናሹ ለመናገር ከተፈቀደለት በሰንበት ትምህርት ቤት የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። መተማመን ሲባል ቸልተኝነት ማለት እንዳልሆነም ይታወቅ፤ ኃላፊነቱን ያልተወጣ ይጠየቃል፣ ጉድለቱን የገለጠ ግን በመግለጡ አይቀጣም።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ እያንዳንዱ ክፍል ከሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በዓመቱ ያልተሳካለትን አንድ ነገር ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ ከሥራ አመራሩ ሰብሳቢ ይጀመር፣ ታናናሾቹ የሚናገሩት እርሱን አይተው ነውና። ይህ ገጽ በአንድ መዝገብ ይሰብሰብ፤ አዲስ የሚመረጠው ሥራ አመራር ዕቅድ ከማውጣቱ በፊት ያንብበው። ዕድሜያቸው ደርሶ የሚሰናበቱ እኅቶችና ወንድሞችም በስጦታና በመዝሙር ብቻ አይሸኙ፤ ከመሄዳቸው በፊት ያዩትን የሚጽፍ ጸሐፊ ከአጠገባቸው ይቀመጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።