«ተመስገን» በአፍ ብቻ ነው እንዴ?

ዛሬ የምጽፍላችሁ «ተመስገን» ስለምንላት ቃል ነው። ሰላም ስንባባል እንላታለን፣ በልተን ስንነሳም እንላታለን። ከመልመዳችን የተነሳ ምን እንዳልን ራሱ አናስተውልም።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አማትቤ፣ «አባታችን ሆይ» ደግሜ ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ። ሽሮ ነው። ትናንትም ሽሮ፣ ከትናንት ወዲያም ሽሮ። ትንሽ ቀማመስኩና «ተመስገን» ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ የቀረውን ወስጄ ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁት። ግቢ የሚያጸዱት እትዬ አዩኝ። አልተቆጡኝም። «አይ ልጄ! ከመድፋትህ በፊት ግራ ቀኝህን ብታይ ምናለበት?» ብቻ አሉኝ። ዞር ስል አንድ ልጅ ምሳ ሳይዝ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እንዳላየኝ ሆኖ ወደ ሜዳው ያያል። እኔም እንዳላየሁት ሆኜ ሄድኩ። እስከ ማታ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ማታ እናቴ ስታቦካ ቁጭ ብዬ አየኋት። ሊጡ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ከዚያ በሌሊት ተነስታ፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ትጋግራለች። ከእሷ በፊት ጤፉን ያስፈጨው ወፍጮ ቤት አለ። ከእሱም በፊት በሐምሌ ጭቃ ውስጥ የዘራው፣ አጎንብሶ ያረመው፣ በኅዳር ያጨደው ገበሬ አለ። ከሁሉም በፊት ዝናቡን የሰጠ እግዚአብሔር አለ። እኔ «ተመስገን» ያልኩት ለዚህ ሁሉ ነበር፤ የደፋሁትም ይህንኑ ሁሉ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ይኸው ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን 5 የገብስ እንጀራና 2 ዓሣ ይዞ፣ አመስግኖ፣ ወንዶቹ ብቻ 5,000 የሚያህሉ ሰዎችን እንዳጠገበ ተጽፏል። ሁለት ነገር ይገርመኛል። አንደኛ፣ እንጀራው የአንድ ልጅ ነበር። ሁለተኛ፣ ሁሉም ከጠገቡ በኋላ ምንም እንዳይባክን ፍርፋሪው ተሰብስቦ 12 መሶብ ሞላ። አስቡት! ያን ሁሉ ሰው በ5 እንጀራ ማጥገብ የሚችለው ጌታ ፍርፋሪ አስለቀመ። እኔ እንኳን ማብዛት መጋገር የማልችለው ግን ደፋሁ።

አንድ ጓደኛዬ «እግዚአብሔር የሚሰጥ ከሆነ ለምን አንዳንዱ ይራባል?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ከባድ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አስባለሁ። በጸሎታችን የምንለምነው «እንጀራችንን» ነው እንጂ «እንጀራዬን» አይደለም። ታዲያ የዚያ ልጅ ድርሻ እኔ ምሳ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆንስ? እኔ ከደፋሁት እግዚአብሔር አልሰጠም ይባላል? ስለዚህ በእኔ አስተያየት «ተመስገን» በአፍ ተጀምሮ በእጅ ነው የሚያልቀው። ይህን የምለው እንደ ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊም ጓደኞቼም በልተው ሲጨርሱ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉና ሐሳቤ የሚገባቸው ይመስለኛል።

ተማሪዎች፣ እንደማንጨርሰው ካወቅን ሳንነካካው በፊት ለሌላ እናካፍል። መምህራንን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ፦ በምሳ ሰዓት አንድ ንጹሕ ጠረጴዛ ይመደብልን። የተረፈው ያልተነካ ምግቡን ያስቀምጥ፣ የፈለገ ማንም ሳይጠይቀው ያንሳ። እንዲህ ከሆነ የሚያፍር አይኖርም።

በማግስቱ ወደዚያ ልጅ ሄጄ «ና እንብላ» አልኩት። «ጠግቤያለሁ» አለኝ። «ብቻዬን አይበላልኝም» ስለው መጣ። እየበላን «የእናትህ ሽሮ ይጣፍጣል» አለኝ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ምንም አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ እንጀራ ትጨምርልኛለች። ይህን የጻፍኩት እሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ ስሙን ግን አልጠራም።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃኝ። ቸር ይግጠመን!